አሊዩ አምባ ላይ የበቀለው ባቄላ

በዲናችን ቢሮ ግድግዳ ላይ፣ ከሰዓቱ ሥር፣ በወርቃማ ፍሬም የተሰቀለ ወረቀት አለ። ከላይ «የኅትመት ሥነ ምግባር መመሪያ» ይላል። የጻፍኩት እኔ ነኝ። የማስተምረው ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ስሙን ባነሳው ለማንም በማይጠቅም አንድ ኮሌጅ ነው፤ ኮሌጁ ጆርናል ያሳትማል፤ ጆርናሉ እውቅና እንዲያገኝ ደግሞ የሥነ ምግባር መመሪያ ያስፈልገዋል ተባለና ዲኑ አስጠራኝ። ዲኑ የጆርናሉም ዋና አዘጋጅ ነው፤ የአዘጋጅ ቦርዱም ሰብሳቢ እሱው ነው፤ ሌላ የሚቀመጥበት ወንበር ቢገኝ ኖሮ እሱንም አይለቅም ነበር። «አንተ ብዕር አለህ፤ አንድ ቆንጆ ነገር ጻፍልን» አለኝ።

እኔ ደግሞ የምሩን መሰለኝ። ቋንቋ አስተማሪ ነኝና ነገሩን እንደ ቁም ነገር ይዤ የሌሎች አገሮችን ጆርናሎች ደንብ አነበብኩ፣ አወዳደርኩ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፍኩ። በአንድ ጥናት ላይ ስሙ የሚገባው ሥራውን የሠራ፣ ጽሑፉን የጻፈና ስለ ጽሑፉ ሲጠየቅ መልስ መስጠት የሚችል ሰው ብቻ ነው አልኩ። ማንም ሰው የራሱን ጽሑፍ ሊገመግም አይችልም አልኩ፤ ይህንን ስጽፍ እንኳ፣ ይህ ደግሞ መጻፍ ያስፈልገዋል እንዴ፣ ሰው ይስቅብኛል ብዬ አመንትቼ ነበር። ስህተት ሲገኝ ሳይውል ሳያድር እርማት ይወጣል ብዬ ጨረስኩ። ዲኑ የመጀመሪያውን መስመር አየ፣ የመጨረሻውን መስመር አየ፣ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ከሩቅ ተመለከተው። «በጣም ቆንጆ ነው፤ ፍሬም ይግባለት» አለ። እኛ አገር ፍሬም የሚገባው የሞተ ሰውና የተመረቀ ልጅ ፎቶ ነው፤ የኔ መመሪያ ከሁለቱ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አልቆየሁም።

ኮሌጃችን ውስጥ የስም እቁብ አለ። እንዲህ ብሎ የሚጠራው የለም፤ ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ አሠራሩ ግን ቁርጥ እቁብ ነው። አንዱ መምህር ጥናት ሲጽፍ የእቁብተኞቹን ስም በሙሉ ያስገባል። የደረጃ ዕድገት ፋይሉ የደረሰለት ሰው ስሙ ከፊት ይቀመጣል፤ ዕጣ ወጣለት ማለት ነው። በሚቀጥለው እትም ደግሞ ዕጣው ለሌላው ይወጣል። በዚህ መንገድ የሒሳብ አያያዝ መምህሩ ስለ መንዝ በግ ሱፍ ተመራማሪ ሆኗል፤ የስፖርት መምህሩ ስለ ጉድጓድ ውኃ ጨዋማነት አስተዋጽኦ አበርክቷል። የእውነተኛው እቁብ ሰዎች ቢሰሙ ይታዘቡናል። እነሱ ጋ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ጠርቶ ነው የሚወስደው፤ ካልከፈለ መንደር ለመንደር ያሳድዱታል። እዚህ ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ሳይጥሉ በየዓመቱ ዕጣ የሚወጣላቸው አሉ። አንዱን በሻይ ሰዓት አግኝቼ «ያንን ጥናትህን አነበብኩት» ብለው፣ «የትኛውን?» አለኝ። አፍሮ እንዳይመስላችሁ፤ እውነቱን ነው፣ የቱን እንደሆነ ማወቅ ፈልጎ ነው።

ይህንን «መተባበር» ይሉታል። አልገባም ያለ ሰው ክፉ ነው፣ ምቀኛ ነው፣ ማኅበራዊ ኑሮ አያውቅም። እኔ ከድሮም ምቀኛ ነኝ፤ ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ የሚጠይቀኝ የለም። ቦርዱ ውስጥ ያስገቡኝ ለፊደል ለቀማ ነው።

አንዲት ወጣት መምህርት አብራን ታስተምራለች። ሰላ ድንጋይ ተወልዳ ያደገች፣ የሰብል ሳይንስ የተማረች ልጅ ናት። ወሬ አይሆንላትም፤ ሻይ ቤት ስትገባ ሻይዋን ጠጥታ ትወጣለች፣ በዚህም «ኩሩ ናት» ተብላለች። ሁለት ክረምት ሙሉ አንኮበር ላይ ባቄላ ስታጠና ቆየች። እዚያ በባቄላው ቅጠል ላይ እባጭ እያወጣ ተክሉን የሚያኮሰምን በሽታ አለ፤ ባቄላው ዘግየት ተብሎ ቢዘራ በሽታው ይቀንሳል ወይ የሚለውን ነበር ለማወቅ የፈለገችው። እኔ የአንኮበር ልጅ ስለሆንኩ፣ ያረፈችው ታላቅ እህቴ ቤት ነው። ስለዚህ ሥራውን ማን እንደሠራው ከሰው አልሰማሁም፤ አውቀዋለሁ።

እህቴ በስልክ ትስቅ ነበር። «ኧረ ይቺ ልጅ!» ትለኛለች፤ «ዝናቡ ሲወርድ እኛ ስንገባ እሷ ትወጣለች። ጉሙ ውስጥ ቁጭ ብላ ቅጠል ስታገላብጥ ትውላለች። ከባቄላው ጋር ምን እንደምትማከር እንጃላት!» አንድ ቀን የጎረቤት ላም አጥር ጥሳ ገብታ ከመሞከሪያ ማሳዎቹ አንዱን ከዳር እስከ ዳር ግጣ ጨረሰችባት። እህቴ እንደነገረችኝ፣ ልጅቱ ያን ዕለት በርኖሷን ተከናንባ አለቀሰች። ሲነጋ ግን ወደ ሌሎቹ ማሳዎች ሄደች። ሰንጠረዧ ላይ ያንን ማሳ ባዶ ተወችው፤ ከሥሩም «ከብት ስለበላው ውጤት የለም» ብላ ጻፈች።

ጽሑፏን ስትጨርስ እንግሊዝኛውን እንዳርምላት ሰጠችኝ። ግኝቱ ጉራ የሚነዛበት አልነበረም። ዘግይቶ የተዘራው ባቄላ በሽታው ቀንሶለታል፤ ፍሬውም ግን ቀንሷል። ጉም በሚያጠቃው ተዳፋት ላይ ደግሞ ቀድሞም ተዘራ ዘግይቶ ለውጥ የለውም። «በዚህ ማሳ ላይ ልዩነት አላገኘሁም» ብላ ጽፋለች። ያቺን መስመር ሳነብ ደስ አለኝ። ኮሌጃችን ውስጥ አንድ ሰው ያላገኘውን አላገኘሁም ብሎ ሲጽፍ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ።

ጥናቱን የፈለገችው ለዕድገት አልነበረም። ለዶክትሬት ትምህርት አመልክታ ሊቀበሏት ደርሰዋል፤ የቀራት ስሟ ከፊት ያለበት አንድ የታተመ ጥናት ብቻ ነው፤ ማቅረቢያው ደግሞ እስከ ፋሲካ ነበር። የትልልቆቹ ጆርናሎች ወረፋ እስከዚያ አይደርስላትም። ስለዚህ የኛኑ መረጠች። የኛ ጆርናል ምንም ቢያንሰው በፍጥነት አይታማም።

የክፍል ኃላፊዋ ጽሑፉን አገላብጦ ሻይ ቤት ውስጥ፣ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ፣ «ብቻሽን?» አላት። ባዶ እግሯን የመጣች ይመስል ከላይ እስከ ታች አያት።

«ብቻዬን ስለሠራሁት ነው።»

«እሱማ ይሁን። ግን ሲያዩት ምን ይላሉ? አንድ ስም ብቻ! ሰው የላትም ይሉሻል። የዲኑ ፋይል እኮ ደርሷል።»

«ስሜ ከፊት ካልሆነ ለኔ አይጠቅመኝም፤ ነግሬዎታለሁ።»

«ይሆናል፣ ይሆናል፤ ምን ያስጨንቅሻል? አንቺ ብቻ ፋይሉን በፍላሽ ስጪኝ፤ ገጹን የጆርናሉ ፎርማት ላይ ላስገባልሽ።» አለና ሻይዋን ከፈለላት። ያ ሰው ለሰው ሻይ ሲከፍል ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ያኔ ነበር መጠርጠር።

እትሙ የወጣው የካቲት መጨረሻ ነው። ጠዋት፣ ብርዱ ጆሮ በሚቆርጥበት ሰዓት፣ ቢሮዬ መጥታ ጆርናሉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ገለጥኩት። የጸሐፊዎቹ ስም አንደኛ ዲኑ፣ ሁለተኛ የክፍል ኃላፊው፣ ከዚያ ሁለት እቁብተኞች፣ በመጨረሻ እሷ። ደሜ ፈላ፤ ግን አልደነቀኝም። የደነቀኝ ርእሱ ነው። የሷ ርእስ ስለ አንኮበር ነበር። የታተመው ግን «በአንኮበር እና በአሊዩ አምባ የባቄላ በሽታ» ይላል።

ሳቅሁ። ራሴን መቆጣጠር አቅቶኝ፣ ዓይኔ እንባ እስኪያቀርር ሳቅሁ። አሊዩ አምባን የሚያውቅ ሰው ለምን እንደሳቅሁ ይገባዋል፤ ለማያውቅ ልንገረው። ከአንኮበር ቁልቁል ሲወረድ መጀመሪያ ጋቢ ይወልቃል፣ ቀጥሎ ሹራብ ይወልቃል፣ አሊዩ አምባ ሲደረስ ሰው ጥላ ይፈልጋል። ማሽላ አለ፣ ጤፍ አለ፣ ማሾ አለ፣ ትልቅ የቆየ ገበያ አለ። ባቄላ ግን የብርድ አገር ሰው ነው፤ እዚያ ወርዶ አይበቅልም። ይህንን ለማወቅ ምሁር መሆን አያስፈልግም፤ አንድ ጊዜ ወርዶ ማላብ ይበቃል።

«ጋሼ፣ ሰንጠረዡን ይዩት» አለችኝ። እሷ አልሳቀችም ነበር።

አየሁት። የአሊዩ አምባ የተባለው አኃዝ የራሷ የአንኮበር አኃዝ ነው፤ እያንዳንዱ ትንሽ ከፍ ተደርጓል፣ ልክ የሌባ ልጅ የሰረቀውን ሸሚዝ አዝራር እንደሚቀይረው። ጣቷን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈች። በአንኮበሩ ዓምድ ላም የበላችው ማሳ ባዶ ነው። በአሊዩ አምባው ዓምድም እዚያው ቦታ ላይ፣ ያው ማሳ ባዶ ነው። ሲገለብጡ ባዶነቱንም ገልብጠውታል። ላሟም አብራቸው ቆላ ወርዳለች ማለት ነው።

ሁለት ገምጋሚዎች ጽሑፉን እንደመረመሩት በመጀመሪያው ገጽ ግርጌ ተጽፏል። ማንነታቸው ለጸሐፊዎቹ እንዳይታወቅ ነው ደንቡ። እኔ የቦርድ አባል ነኝና ፋይሉን አስወጥቼ አየሁ። አንደኛው ገምጋሚ ሁለተኛው ጸሐፊ ነው፤ ሁለተኛው ገምጋሚ አራተኛው ጸሐፊ ነው። «ጥሩ ሥራ ነው፤ አንዳንድ ፊደል ይስተካከል» ብለዋል። እንዲህ ያለ ሰው ላይ መናደድ ራሱ ክብር መስጠት ነው። እኔ ግን ተናደድኩ፤ በነሱ ሳይሆን ልጅቷ እንደዚያ ቀጥ ብላ፣ እጇን ኪሷ ከትታ፣ የምለውን ስትጠብቅ ሳያት።

ዲኑ ዘንድ አብሬያት ገባሁ። ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበላት።

«ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ። እንኳን ደስ ያለሽ! ስምሽ ታተመ።»

«ዶክተር፣ ሥራው የኔ ነው። ስሜ ከፊት ነበር መሆን የነበረበት።»

«ያንቺ አይደለም ያለ ማነው? ምርምር እኮ የጋራ ነው። አንቺ ባቄላውን ቆጠርሽ፣ እኛ ደግሞ አቅጣጫ ሰጠን።»

«አሊዩ አምባን ማን ቆጠረው?»

ወደ እኔ አየ። እኔ ግድግዳውን፣ ፍሬሙን አየሁ። «ጥናቱ በአንድ ቦታ ብቻ ስለነበር ጠበበ» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፤ «ደጋ አለ፣ ቆላ የለም። የክፍል ኃላፊሽ ሲያማክረኝ ቆላም ይኑርበት አልኩት። አሊዩ አምባን ደግሞ እኔ በአካል አውቀዋለሁ። እንግዶች ይዤ በገበያ ቀን ሄጃለሁ። በዓይኔ ያየሁትን! ክምር ክምር ባቄላ! ቆሎው ሳይቀር ተጋብዣለሁ።»

ያኔ ነገሩ ሁሉ ገባኝ። ሰውዬው ገበያ ሄዶ ባቄላ ሲሸጥ አየ፤ በቃ፣ እዚያ በቀለ። ደጋ ያሉት ሰዎች በአህያ ጭነው አውርደው እንደሚሸጡት፣ ገበያ የሚባለው ነገር የተፈጠረውም ለዚሁ እንደሆነ አልመጣለትም። በመኪና ወርዶ፣ መስኮት ዘግቶ፣ ቆሎ ቆርጥሞ፣ በመኪና ተመለሰ፤ ከዚያ ተመራማሪ ሆነ።

«እዚያው ገበያ ጨውም ይሸጣል» አልኩት፤ «በሚቀጥለው እትም ስለ ጨው አዘራር እንጠብቅ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ነገር ታበዛለህ።»

«ዶክተር፣» አለች እሷ፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ፣ «እዚያ ባቄላ አይበቅልም። የዶክትሬቱ ቃለ መጠይቅ ላይ ጥናቴን ያነቡታል። አንድ ሰው ስለ አሊዩ አምባ ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ?»

«ማን ያነበዋል ልጄ?» አላት፣ እያጽናናት። ዕድሜ ልኩን እውነት የተናገረው ያን ጊዜ ብቻ ይመስለኛል።

ጉዳዩን ቦርድ ላይ አቀረብኩት። ጽሑፉ ከጆርናሉ ይሰረዝ፣ አንኮበር ላይ የሠራችው በስሟ እንደገና ይታተም አልኩ። ከፋሲካ በፊት ይደርስ ነበር፤ እንዳልኩት፣ በፍጥነት አንታማም። ስብሰባውን የመራው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። የራሱ ጉዳይ ሲታይ ከወንበሩ ይነሣ ይሆን ብዬ ጠብቄ ነበር፤ የተነሣው መጋረጃውን ሊዘጋ ነው፣ ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ገብታ። የክፍል ኃላፊው ስለ ኮሌጁ መልካም ስም ረዘም ያለ ንግግር አደረገ። አንዱ፣ ምርምርን በጥቃቅን ነገር ማሰናከል ለአገርም አይበጅም አለ። ሌላው የታተመ ነገር መሰረዝ ነውር ነው፣ እሱ በሚያውቀው ታሪክ ተደርጎ አያውቅም አለ። ይኸኛው የስፖርት መምህሩ ነው።

በመጨረሻ ዲኑ ብልሃት አመጣ። «ወንድማችን ያነሣው ነጥብ መሠረት አለው» አለ፣ እኔን ማለቱ ነው። «ባቄላ ቆላ ላይበቅል ይችላል። እኛ ደግሞ ስህተት ከመቀበል ወደ ኋላ አንልም። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ ባለው እትም "አሊዩ አምባ" የሚለው ይውጣና በምትኩ "እነዋሪ" ይግባ። እነዋሪ ባቄላ አለ፤ የለም የሚል ካለ ይናገር።»

የሚል አልነበረም። እነዋሪ ባቄላ አለ።

«አኃዙስ?» አልኩ።

«አኃዙ ምን አደረገ?»

«የተቆጠረው እነዋሪ አይደለማ! ያው የአንኮበሩ ነው እኮ። ላሟስ? እነዋሪም ሄዳ በላች?»

ሳቁ። ቀልድ መስሏቸው ከልባቸው ሳቁ፤ የክፍል ኃላፊው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ከዚያ እጅ ወጣ፣ ከኔ በቀር ሁሉም ደገፉት፣ ቃለ ጉባኤው «ከሰፊ ሳይንሳዊ ውይይት በኋላ» ብሎ ጻፈው። ባቄላው ከቆላው ተነሥቶ፣ ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ እነዋሪ ያለችበት ሞረትና ጅሩ ድረስ ሄዶ በቀለ። የአንድም ሰው ጫማ ጭቃ አልነካም።

ውሳኔውን ነገርኳት። እኔ እንደ ሽማግሌ ልመክር ፈለግሁ። የሰው ልጅ ሲጠቃ የሚመከረውን ምክር ታውቁታላችሁ፤ እስቲ ቻይው፣ ጊዜ ያልፋል፣ ስምሽ ቢያንስ አለበት፣ መጨረሻም ቢሆን ላኪላቸው፣ ምናልባት ይቀበሉሽ ይሆናል አልኳት። ለሷ አስቤ ነው፤ ያቺ ዕድል ካለፈች መቼ እንደምትመለስ አላውቅም፤ እሷም አታውቅም።

«ጋሼ፣» አለችኝ፣ «እነዋሪ ሄጄ አላውቅም።»

«አውቃለሁ።»

«በአውቶቡስ እንኳ አልፌ አላውቅም። ስሜ ያለበት ወረቀት ግን ሁለት ክረምት እነዋሪ ነበረች ይላል። እነዚያ ሁለት ክረምት የት እንደነበርኩ እህትዎ ታውቃለች፤ ጉሙም ያውቃል።» አለችና ቀጠለች። «ስሜን እንዲያወጡት እጠይቃለሁ።»

«ያንቺን ስም? ካንቺው ሥራ ላይ?»

«የኔ ሥራ እሱ አይደለም፤ የኔ አንኮበር ነው ያለው። በዚህ ወረቀት ተቀብለውኝ ብሄድ፣ እያንዳንዱን ቀን አንድ ሰው እነዋሪን እንዳይጠይቀኝ ስፈራ ነው የምኖረው።»

አልተከራከርኳትም።

ጥያቄዋ ኮሌጁን ግራ አጋባው። በስም እቁብ ውስጥ ስም ማስገባት እንጂ ማስወጣት የሚባል ወግ የለም። ሰዎች ስማቸው እንዲገባላቸው ሲለምኑ፣ ሲያኮርፉ፣ በግ ይዘው ሲመጡ ታይቷል፤ በገዛ ፈቃዱ ስሜን አውጡልኝ ያለ ሰው ግን አልታየም። ታምማ እንደሆነ የጠየቁኝ አሉ። የክፍል ኃላፊው የምር ተቀይሟት ከረመ፤ «ውለታ አታውቅም» ይላል በየደረሰበት፣ «ሻይ ከፍዬላት እኮ ነው ያስገባኋት።» ዲኑ ግን ብልህ ነው። የሷ ስም ቢወጣ ስለ አሊዩ አምባም፣ ስለ እነዋሪም፣ ስለ ላሟም የሚያውቅ ስም ከወረቀቱ ላይ እንደማይቀር ገባው። ሳይውል ሳያድር ፈቀደላት።

ፋሲካ መጥቶ አለፈ። ማቅረቢያውም አለፈ። በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት የዲኑ ተባባሪ ፕሮፌሰርነት ጸደቀና ድግስ ተደገሰ። ሙክት ታረደ፤ ለብርዱ ነው እየተባለ አረቄው ተቀዳ። የክፍል ኃላፊው ተነሥቶ ስለ ባቄላ ጥናቱ ተናገረ፤ ለገበሬው የሚሰጠውን ጥቅም ሲገልጽ ድምፁ ተቆራረጠ። እኔም ጠጣሁ፤ የሙክቱን ሥጋም በላሁ፤ ሙክቱ ምን አጠፋ? ዲኑ አጠገቤ መጥቶ፣ ብርጭቆውን ከብርጭቆዬ አጋጭቶ፣ መመሪያውን ለጆርናሉ እውቅና ሊሰጡ የመጡት ሰዎች እንደወደዱት ነገረኝ። «በተለይ ፍሬሙን» አለ።

ሰኔ ላይ ቀጣዩ እትም ወጣ። በመጨረሻው ገጽ፣ ከጸሐፊዎች መመሪያው በላይ፣ ትንሽዬ ሳጥን ውስጥ እርማት አለ። ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይላል፦ «ባለፈው እትም ስለ ባቄላ በሽታ በወጣው ጥናት ላይ የአንዲት መምህርት ስም በጸሐፊነት የገባው በስህተት ነው። አዘጋጁ ለተፈጠረው ስህተት ይቅርታ ይጠይቃል።» ስህተት ሲገኝ ሳይውል ሳያድር እርማት ይወጣል ብዬ የጻፍኩት አንቀጽ ትዝ አለኝ። ፍሬም ከገባ ወዲህ የተከበረ አንቀጽ እሱ ብቻ ነው።

ላሳያት ወይስ ልደብቃት ስል፣ ራሷ ቢሮዬ መጣች። ወደ አንኮበር ልትሄድ ነው፤ ቦርሳዋን አንግታለች፣ የክረምት ጫማዋን በላስቲክ ጠቅልላ ይዛለች። ባቄላውን እንደ አዲስ ልትዘራ ነው፤ ያለፈው ቁጥሯ በነሱ ስም ታትሟልና ለሌላ ጆርናል ብትልከው ሰርቃ ያቀረበች የምትመስለው እሷ ናት። እህቴ ክፍሉን አጽድታ እየጠበቀቻት ነው።

ገጹን ገልጬ ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው፤ ሁለት ጊዜ ያነበበችው መሰለኝ። ፊቷ ላይ ቁጣ ፈለግሁ፤ እኔ የሁለታችንንም ያህል ተናድጄ ነበር። ጆርናሉን ዘግታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ቦርሳዋን ከትከሻዋ አስተካከለች።

«ዘንድሮ እንኳ እውነት ጻፉ፣ ጋሼ» አለችኝ። «እነሱ መሐል የገባሁት በስህተት ነው።»

የአንኮበር መኪና ሳይሞላ ልትደርስ ቸኩላ ወጣች።